ኮስትዩም አይደለም

እዚህ ባሕር ማዶ፣ ፌርፋክስ ሰፈር ያለ ሐበሻ ሁሉ መኪናዬን ያውቃታል። ግራጫ፣ የኋላ በሯ የተጨራመተ አሮጌ ቫን ናት። የሚያውቋት በመርዶ ነው። አገር ቤት ዘመድ ያረፈበት ሰው ሲኖር ቤተሰቡ የሰፈሩ ሐበሻ ሽማግሌ ለሆኑት ለጋሼ ተፈራ ይደውል ነበር፤ ጋሼ ተፈራ ደግሞ ለእኔ። ንጋት ላይ ጥቁር የለበሱ ትልልቅ ሰዎችን ከየቤታቸው ለቅሜ፣ ምንም ያልሰማው ሰው ደጃፍ አደርስ ነበር። አንድ ቀን አንዲት ሴት ቆሻሻ ልትጥል ወጥታ ቫኔን ስታይ፣ ገና አንድም ሰው ሳይወርድ ጩኸቷን ለቀቀችው። ከዚያ ወዲህ ጋሼ ተፈራ «ማዕዘኑን ዞረህ ፓርክ አድርጋት» ይሉኝ ነበር። ጓደኞቼም ቤታቸው ስሄድ አስቀድሜ ካልደወልኩ በር አይከፍቱልኝም። ይቀልዱብኛል፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ።

ይህን የምነግራችሁ ያን ጊዜ ምን ዓይነት ሰው እንደነበርኩ እንድታውቁልኝ ነው። መርዶ በወጉ መነገር አለበት ብዬ አምን ነበር። ሰው ብቻውን ሆኖ መስማት የለበትም፣ ማታ መስማት የለበትም፣ ሥራ ላይ እያለ መስማት የለበትም። ሲነጋ፣ ቤቱ፣ በሰው ተከቦ። ለምን ብሎ የጠየቀኝ የለም፤ እኔም ራሴን ጠይቄ አላውቅም ነበር።

ሌላው ጊዜዬ የሚያልፈው እትዬ ሙሉ ሬስቶራንት፣ ባሩ ጀርባ ቆሜ ነው። አብራኝ የምትሠራው አስተናጋጅ ሰብለ ትባላለች። ከደብረ ብርሃን በዲቪ የመጣች፣ አፏ የማያርፍ፣ እጇም የማያርፍ ልጅ ናት። እትዬ ሙሉን ለምና ቤቱን፣ ፈረንጆች እንደ ጭራቅና ሙት ለብሰው ለሚያከብሩት ለሃሎዊን ፓርቲ ያስፈቀደችው እሷ ነች። ፓርቲውን ያዘጋጁት ሃውቶርን የሚባለው ከተማ የሚሠሩ፣ እዚሁ ተወልደው ያደጉ የእኛው ልጆች ናቸው። የሚያስፈራ ኮክቴል እንፈልጋለን አሉ፤ ሰብለም «በእኔ ጣሉት» አለቻቸው። ፓርቲው ካማረ እትዬ ሙሉ ለገና ረዘም ያለ እረፍት ሊሰጧት ቃል ገብተውላታል።

እረፍቱን የፈለገችው ለእናቷ ነበር። የእናቷን ሁለቱንም ዓይን ሞራ ጋርዶታል። ሰብለ በቪዲዮ ስትደውልላቸው ስልኩን እስከ አፍንጫቸው አስጠግተው ይፈልጓትና «ተዪው ልጄ፣ ድምፅሽ ይበቃኛል» ይሏታል። ለገና ሄዳ፣ አዲስ አበባ ወስዳ ልታሳክማቸው ነበር። «ዓይኗ ሲገለጥ መጀመሪያ የምታየው እኔን ነው» ትለኝ ነበር፣ ጠረጴዛ እየወለወለች።

የሃሎዊን ቀን ጠዋት ስገባ እትዬ ሙሉ መብራት ሳያበሩ ኪችን ውስጥ ቆመው አገኘኋቸው።

«ዳኜ፣ በሩን ዝጋው» አሉኝ።

ዘጋሁት።

«የሰብለ እናት አርፈዋል። ጋሼ ተፈራ አሁን ደወሉልኝ።»

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። የዚያን ያህል መርዶ ነድቼ፣ አብሬው የምውል ሰው ላይ ሲደርስ ግን የመጀመሪያዬ ነበር።

«ነገ ንጋት ላይ ቤቷ ይነገራታል። የምትነዳው አንተ ነህ» አሉ እትዬ ሙሉ። «እስከዚያ ከዓይንህ እንዳትለያት። ስልኳንም እንደምንም ብለህ ውሰድባት፤ ፌስቡክ ላይ የሚለጥፍ አይጠፋም።»

«ፓርቲውስ?»

«ምን ይደረጋል፣ ይቀጥላላ። ብንሰርዘው ለምን ብላ ትጠይቃለች። ደግሞ ቤቷ ገብታ ብቻዋን ከምትቀመጥ እዚህ ከእኛ ጋር ትዋል።» ለገበያቸው ብለው ነው እንዳልል፣ ዓይናቸው በለቅሶ ቀልቶ ነበር።

ሰብለ ብዙም ሳትቆይ ሁለት እጇን ዕቃ ሞልታ፣ በሩን በትከሻዋ ገፍታ ገባች። ፀጉሯ ላይ የሸረሪት ድር ጣል አድርጋለች። «እስቲ ሳቅ በል ዳኜ! ሃሎዊን እኮ ነው፣ የአንተ በዓል!» አለችኝ። በቫኗ መቀለዷ ነው። ሳቅኩ። ፊቴ እንዴት እንደነበር እግዜር ይወቀው።

ስልኳን የወሰድኩት የማታውን ሙዚቃ ስፒከሩ ላይ ልሞክር ብዬ ነው። ሞከርኩና እትዬ ሙሉ ቢሮ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ስትጠይቀኝ ቻርጅ ላይ ነው አልኳት።

ከዚያ መጠጡን መሥራት ጀመርን። ብላክቤሪ የሚባለውን ጥቁር ፍሬ በስኳር ቀቅላ አጥልላው ስለነበር ጥቁር የምግብ ቀለም ጠብ አድርጋ አማሰለችው። ወፍራምና የተቃጠለ ዘይት የሚመስል ነገር ሆነ። የእኔ ሥራ ብርጭቆ ማዘጋጀት ነበር። አፉን ማር አስነክቼ ጥቁር ስኳር ላይ አዞረዋለሁ፤ ከዚያ ቀይ ሽሮፕ ደም እንዲመስል ከአፉ ወደ ታች አንጠባጥብበታለሁ።

«እንደሱ አይደለም፣ አንተ ደግሞ! ደም ቀጥ ብሎ ይወርዳል እንዴ? ሼክ አድርገው ትንሽ። ሶ... እንደዚህ።» እጄን ይዛ አሳየችኝ። እጇ ሞቃት ነበር፤ የእኔ ቀዝቅዟል። «ኦኬ ነህ ግን? አሞሃል?»

«እንቅልፍ ነው።»

«ትላንት ለእማዬ ስደውል አታነሳም። ኔትወርኩ ነው መሰለኝ። ብሩክም አያነሳም፣ ወንድሜ።»

«ኔትወርክ ነው» አልኩ።

«እታባስ እንዴት ናት?» አለችኝ። እታባ ያሳደገችኝ አክስቴ ናት። ሰብለ አይታት አታውቅም፤ ግን በየበዓሉ ሹራብ ስልክላት ቀለሙን የምትመርጥልኝ እሷ ናት።

«ደህና ናት። ጆሮዋ ከደከመ ወዲህ ስልክ አትሰማም እንጂ። በእህቴ በኩል ሰላም ትለኛለች።»

«ቆንጆ። ዘንድሮ ቡኒ እንልክላታለን።»

ቀጥሎ ዓይን መሥራት ነበረብን። ላይቺ የሚባል፣ በቆርቆሮ የታሸገ፣ ነጭና ለስላሳ ፍሬ አለ። መሃሉ ባዶ ነው። እዚያ ውስጥ አንዲት ብሉቤሪ፣ ክብ ጥቁር ሰማያዊ ፍሬ፣ ስትከቱበት ቁልጭ ብሎ ዓይን ይሆናል። ሰብለ ቶሎ ቶሎ እየሠራች ትሪ ላይ ስትደረድር ድንገት እጇን ገታች። አንዱ ላይቺ ከሌሎቹ ይልቅ ደፍረስ ያለ ነበርና ብሉቤሪዋ ከሥሩ በጭጋግ ውስጥ ሆና ትታያለች።

«ውይ ዳኜ» አለች። «ቁርጥ የእማዬን ዓይን።»

ለብቻው ቡና ስኒ ውስጥ አስቀመጠችው። «ይሄን ለሰው አልሰጥም» አለችና ሳቀች።

ያን ጊዜ ልነግራት አፌን ከፍቼ ነበር። ግን ቆሻሻ ልጣል ብዬ በጓሮ በር ወጣሁና ለጋሼ ተፈራ ደወልኩ።

«ጋሼ፣ ቀብሩ መቼ ነው?»

«ነገ፣ እዚያ ከቅዳሴ በኋላ ነው። ምነው?»

የሁለቱን አገር ሰዓት በልቤ አመላለስኩት። እኛ ነገ ንጋት ላይ በሯን ስናንኳኳ፣ እናቷ አፈር ከለበሱ ቆይተዋል።

«ጋሼ፣ ዛሬ ብንነግራትስ? ሳይቀበሩ ትደርስባቸዋለች። ማለቴ፣ በስልክ።»

ጋሼ ተፈራ ደግ ሰው ናቸው፤ ስንቱን ያለዘመድ የሞተ ሰው አሳፍረው አገሩ የላኩ ናቸው። «ዳኛቸው» አሉኝ ቀስ ብለው፣ «ሬሳ በስልክ አይታይም። ሌሊቱን ብቻዋን ምን ልታደርግ ነው? አንዷ በማታ ተነግሯት ራሷን ልትጎዳ ያለችውን አንተም ታውቃለህ። ወጉን ያወጡት ሰዎች ሞኞች አይደሉም። ልጄ፣ አደራ።»

«እሺ ጋሼ» አልኩ። እሺ ያልኩት ከልቤ ነበር። ተመልሼ ገባሁ።

ሲመሽ ሰብለ ፊቷን ነጭ ቀባች። ዓይኗን በጥቁር ከበበችው፣ ጉንጯ ላይ የአጥንት ጥርስ ሳለች፣ ጥቁር ቀሚስ ለበሰች። መስታወት ፊት ቆማ «ሞት ራሱ ቢያየኝ ይደነግጣል፣ አይደል?» ስትለኝ ብርጭቆ መወልወል ያዝኩ። እናቷ ሞተው፣ እሷ ሳታውቅ ጥቁር ለብሳ ከፊቴ ቆማለች።

ልጆቹ መጡ። ቫምፓየሩ፣ ጠንቋዩ፣ በጨርቅ የተጠቀለለው፣ ሁሉም ተንጋግቶ ባሩን ከበበው። ሰብለ ትልቁ ድስት ውስጥ ድራይ አይስ የሚሉትን የሚጨስ በረዶ ከታ ውሃ ስታፈስበት ጢሱ ባሩን አልፎ ወለሉ ላይ ተንከባለለ። ብርጭቆውን ዘንበል አድርጋ ከጥቁሩ ሽሮፕ ትንሽ፣ ከዚያ ስፓርክሊንግ የሚሉትን አረፋማ ወይን ቀስ አድርጋ ታወርዳለች፤ አረፋው ወይን ጠጅ ቀለም ሆኖ ይነሳል፤ ዓይኑን ጠብ ስታደርግ ይሰምጥና በአረፋው ተገፍቶ ዞሮ ያያችኋል። ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ። ስልክ ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። እንደዚያ ቀን ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም፤ እኔ ግን ይህን ደስታ ነገ ስታስታውሰው ምን ትለን ይሆን እያልኩ ነበር።

የፊቱ በር የተከፈተው ይሄኔ ነው።

እትዬ የሺ ነበሩ። ፓሳዴና ከተማ የሚኖሩ፣ የሰብለ እናት የአጎት ልጅ ናቸው። መኪና ስለሌላቸው እትዬ ሙሉ ቤት አድረው ንጋት ላይ ከእኔ ጋር እንዲሄዱ ተነግሯቸዋል። ፓርቲው ሲያልቅ በጓሮ በኩል ይምጡ ተብለው ነበር፤ ያመጣቸው ሰው ግን ቸኩሎ ከፊት ለፊት አውርዷቸው ሄደ። ጥቁር ቀሚስ ለብሰዋል። ወገባቸውን በጥቁር ሻሽ ታጥቀዋል። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ጥለቱን ወደ አንገታቸው አውጥተው ተከናንበዋል። ፊታቸው በለቅሶ አብጧል።

ልጆቹ አዩዋቸው። ከዚያ ቫምፓየሩ «ኦ ማይ ጋድ! ኮስትዩሙን እዩት!» ብሎ ጮኸ። አጨበጨቡ። አንዷ «የሐበሻ ጎስት! ዊነር እሷ ናት!» አለች። ሌላዋ ከባሩ ላይ ብርጭቆ አንስታ እጃቸው ላይ አስያዘቻቸው።

አትፍረዱባቸው። ነጠላ ሲዘቀዘቅ አይተው አያውቁም። እናቶቻቸው ለቅሶ ሲሄዱ ቤት ትተዋቸው ነው የሚሄዱት። ሞታችንን ከልጆቻችንም ደብቀናል።

እትዬ የሺ ሐዘን ላይ እንደሆነ ሰው የሰጧቸውን ተቀብለው ቆሙ። ወደ ብርጭቆው ቢያዩ ዓይን ያያቸዋል። ቀዩ ሽሮፕ በጣታቸው ወረደ።

«ዳኜ» አለች ሰብለ ከጎኔ። ጠርሙሱን እንደያዘች ነበር። «እትዬ የሺ ናቸው እንዴ?»

«ናቸው።»

«ነጠላቸው...»

ወይኑ ከብርጭቆው አፍ አልፎ ባሩ ላይ መፍሰስ ጀመረ። አላቆመችውም። ዞራ አየችኝ። በተቀባው ነጭ ፊት ውስጥ የሚንቀሳቀሱት ዓይኖቿ ብቻ ነበሩ።

«ኮስትዩም ነው፣ አይደል?» አለችኝ።

ውሸቱን ራሷ አዘጋጅታ ሰጠችኝ። አዎ ብል ያልቅ ነበር። ቤት ሙሉ ሰው እያጨበጨበ ይመሰክርልኛል። ጋሼ ተፈራ አደራ ብለውኛል፤ እትዬ ሙሉ ከጓዳ በር ላይ ሆነው በዓይናቸው ይለምኑኛል። የቀረው ንጋትን መጠበቅ ብቻ ነበር። ግን ንጋት ላይ እናቷ አይኖሩም። ሬሳቸው እንኳን አይኖርም።

«አይደለም» አልኩ። «ኮስትዩም አይደለም፣ ሰብልዬ።»

ጠርሙሱን ከእጇ ወስጄ፣ ትከሻዋን ይዤ ወደ ኪችን አስገባኋት። አልጮኸችም። ማቀዝቀዣውን ተደግፋ ቆመች።

«እማዬ ናት?»

«አዎ።»

«ተቀበረች?»

«ገና ናቸው። ነገ ነው። እዚያ አሁን አልነጋም።»

«ስልኬን» አለች። «ስልኬን ስጠኝ፣ ዳኜ።»

ሮጬ አመጣሁላት። ስታበራው ጥቁሩ መስታወት ላይ የራሷን ፊት አየች፤ በመዳፏ ጠረገችው። ነጩ ከጥቁሩ ተደባለቀ እንጂ አልለቀቀም። ደወለች። ወንድሟ አነሳ።

«ሰብልዬ! ደህና ነሽ? እኛ ሁላችንም ደህና ነን...»

«ብሩኬ፣ ሰምቻለሁ» አለችው።

ከዚያ ወዲያ የአንድ ጎልማሳ ሰው ልቅሶ ከስልኩ ወጣ። ከጀርባው የድንኳን ሰዎች ድምፅ ይሰማል። ብሩክ ካሜራውን ላብራልሽ ሲላት «አታብራ» አለች። «ይሄን ፊቴን ይዤ አላያትም። ጆሮዋ ጋ አድርግልኝ ስልኩን። ድምፅሽ ይበቃኛል ትለኝ የለ።»

አደረገላት። ምን እንዳለቻቸው ሁሉንም አልነግራችሁም፤ የእሷ ነው። ዓይናቸውን ስላላሳከመች ይቅርታ ጠየቀቻቸው። ለገና የምትለብሰውን ቀሚስ ነገረቻቸው። ከዚያ እንደ ልጅ፣ «እማዬ፣ እማዬ፣ እማዬ» አለች። እኔ ግድግዳውን ይዤ አለቀስኩ። በመርዶ ቤት ሁሉ ደርሼ ሳላለቅስ የተመለስኩ ሰው ነኝ።

እትዬ ሙሉ ገቡ። «ማን ፈቀደልህ?» አሉኝ በሹክሹክታ። መልስ ሳይጠብቁ ሰብለን አቅፈው ወለሉ ላይ ተቀመጡ። እትዬ የሺም መጡ። ከውጭ ሙዚቃው ይደልቃል፤ አንድ ልጅ ባሩን እየመታ «ተጨማሪ!» ይላል። የሚቀዳ ሰው ስለሌለ ወጣሁ። ፓርቲው እስኪበተን ጥቁር መጠጥ ቀዳሁ።

በማግሥቱ ንጋት ላይ እንደ ወትሮው ነዳሁ። ጋሼ ተፈራ ሁልጊዜ ከፊት፣ ከጎኔ ነው የሚቀመጡት፤ ያን ቀን ከኋላ ገቡ። ማዕዘኑን ዞሬ ፓርክ አደረግሁ። ለምን እንደምንሄድ ለራሴም አልገባኝም፤ የምታውቀውን ልንነግራት ነው። ስናንኳኳ ሰብለ ራሷ ከፈተች። ፊቷን ታጥባለች፤ ጆሮዋ ሥር ነጩ ቀለም ቀርቷል። ሌሊቱን ከእትዬ የሺ ጋር ተቀምጣ ቀብሩን በስልክ ስትሰማ አድራለች።

ጋሼ ተፈራ ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ልጄ፣ በርቺ» አሉ። «እናትሽ አርፈዋል።»

ሰብለ ገና እንደሰማች ሆና ጮኸች። ደረቷን መታች፣ ወደቀች፤ ሴቶቹ ተቀበሏት። ለይስሙላ አልነበረም። ለእናቷ ስትነግር ያልወጣላት ጩኸት በሰዎቹ መሃል ወጣላት። ደረጃው ሥር ቆሜ ይህን ስሰማ፣ ጋሼ ተፈራም እውነት እንደነበራቸው ገባኝ። ሰው መከበብ አለበት። ግን ለመከበብ ሲባል መሰናበትን መቀማት የለበትም።

ጋሼ ተፈራ እስከ ዛሬ ሰላምታዬን በቁጥብነት ነው የሚመልሱት። ቫኗም ለመርዶ አትታዘዝም፤ አልነዳም አልኩ። ሰብለ የእናቷን ስም ስታነሳ «ተሰናብቻታለሁ» ትላለች። ያቺን ቃል ስትል ድምጿ አይሰበርም። እናንተ ይህን የምታነቡ፣ በሩቅ አገር ያለ ወንድማችሁን ወይም እህታችሁን «ደህና ነን» እያላችሁ የምታሳድሩ ካላችሁ፣ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። ከጎኑ የሚቀመጥ ሰው ፈልጉለትና ዛሬውኑ ንገሩት።

እኔም ቃሌን ከራሴ ቤት ልጀምር ብዬ፣ ከሰብለ ሐዘን በኋላ በነበረው እሁድ ለእህቴ ለጥሩወርቅ ደወልኩ። ያየሁትን ሁሉ ነገርኳት።

«ስለዚህ ጥሩዬ» አልኳት፣ «አንድ ነገር ሲመጣ እኔን ሰዓት አትምረጪልኝ። ሽማግሌ አትላኪብኝ። ራስሽ ደውለሽ ንገሪኝ።»

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ?» አልኩ።

«ከጎንህ ሰው አለ፣ ዳኜ?» አለችኝ።

ሰብለ ጥቁር ሻሿን አስራ ጠረጴዛ እየወለወለች ነበር። በስጦታ ወረቀት የጠቀለለችው ቡኒ ሹራብ ባሩ ላይ ተቀምጧል።

«አለ» አልኳት።

«እንግዲያው ቁጭ በል» አለችኝ እህቴ። «ስለ እታባ ያልነገርንህ አለ።»